የደላላው እንግዶች

ባለፈው ሰሞን ለአንድ ጉዳይ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ወርጄ፣ ከዚራ ሠፈር ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ቆሜ ላቤን ስጠርግ «ማዳም ዘነበች! የሚሸጥ ቤት አለሽ?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ዞር ከማለቴ በፊት ማን እንደሆነ ዐውቄዋለሁ። እንደምን ዋልሽ ሳይል ቤት የሚጠይቅ ሰው በሕይወቴ የገጠመኝ አንድ ብቻ ነው፤ ሮብሌ፣ የጅቡቲው ደላላ። ጢሙን በሂና አቅልቶ፣ ሽርጡን አገልድሞ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ድሮ ከአፉ የማትለየው መፋቂያ ዛሬም በጥርሱ መሀል አለች። እኔማ ሞቷል ብዬ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ የሙቀት ወራት እንዲሞት የተመኘሁበት ቀንም አልጠፋም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እሱ ግን ትናንት እንደተለያየን ሁሉ ሌላ ወንበር በእግሩ ገፋ አደረገልኝና «ቁጭ በይ እንጂ፤ እህት ወንድሟን አግኝታ ትቆማለች?» አለኝ። ጉልበቴ ስላመመኝ ተቀመጥኩ እንጂ ንዴቴስ ገና ቆሞ ነበር።

የሱቁ ቆርቆሮ በፀሐይ ግሎ የዛገ ብረት ይሸታል። የባሕር ጨው የማያውቀው የድሬዳዋ ዝገት ቢሆንም ለአፍንጫዬ በቂ ነበርና ይዞኝ ጅቡቲ፣ የድሮ ሠፈራችን ካርቲየ 6 ገባ። የማወራው የአገራችን ዕቃ ሁሉ ጅቡቲ ወደብ ላይ መራገፍ የጀመረበትን ዘመን ነው። ምክንያቱን ፖለቲካ የሚያውቁ ይናገሩት፤ እኔ የማውቀው አንድ ሰሞን ዞር ብንል ከተማው በእኛ አገር ሾፌሮች ተሞልቶ እንደነበር ነው። ሾፌሮቹ ከአዲስ አበባ አዲስ ካሴት ይዘው ይመጣሉ፤ ከሠፈራችን ጥግ ያለው የመናዊ ባለሱቅ ቋንቋውን ባያውቅም እስኪበጠስ ያጫውተዋል፤ ከፊት ለፊቱ ያለው ሻይ ቤት ደግሞ የሱማሌውን የዑድ ዘፈን ይለቅበታል፤ እኛ በሁለቱ መሀል ባጌታችንን ይዘን እናልፋለን። ባጌት፣ ያ ረጅሙ የፈረንሳይ ዳቦ፣ በሃያ ፍራንክ ነበር። ጠዋት ትኩሱን በብብቴ ሸጉጬ ስመለስ ቤት የሚደርሰው ግማሹ ነው። ሴቶቹ ያንን ዲራ የሚሉትን ስስ ቀሚስ ለብሰው፣ ከውስጥ ያለውን ጉርድ ጫፉን አሳይተው ሲያልፉ መንገዱ ሁሉ ሽቶ ሽቶ ይላል። እኔም ከፈረንሳዮች ቤት ሥራዬን ለቅቄ ካገባሁ በኋላ አንድ ቢጫ ዲራ አሰፍቼ ነበር። ባለቤቴ ተሰማ ባየኝ ቁጥር «ሐረር የተወለደችው ሱማሌ መጣች» እያለ ይስቅብኝ ነበር። አሁን ያ ዲራ የት እንደገባ አላውቅም፤ ዛሬ ሐረር ላይ ብለብሰው ብርዱ ይገድለኛል።

ተሰማ ጅቡቲ ነው የተወለደው። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሱም በልጅነቱ ገብቶ ጡረታ እስኪወጣ የባቡሩ ጋራዥ ውስጥ ብረት ሲቀጠቅጥ ኖረ። ቤቱ የአባቱ ነው። ከታች የባሕር ድንጋይ፣ ከላይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ከጣሪያው ቆርቆሮ፤ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ግቢ። ከመንገዱ ወደ ውስጥ የምታስገባውን ቀጭን መተላለፊያ ከጎረቤታችን ጋር እንጋራታለን። እኔ ያንን ቤት እወደው ነበር፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ግን ምድጃ ነው። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይተፋዋል፤ መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩ ይቆማል፤ በምዕራብ በኩል ኸምሲን የሚሉት ንፋስ አሸዋውን ይዞ ይመጣና አየሩን ሁሉ ያደርቀዋል። የተሰማ ልብ መድከም ጀመረ። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ብዙ ካወራ በኋላ ለእኔ በሚገባኝ ቋንቋ «ማዳም፣ የሚቀጥለውን ሙቀት እዚህ ባያሳልፍ ጥሩ ነው» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ሐረር የናቴ ቤት ጎን የምትሸጥ ትንሽ ቤት አለች፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ይህን ሽጠን ያንን እንገዛለን፤ ባሌ ይተርፋል። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ግንቦት ሳይገባ እንወጣለን አልኩ። ተሰማ «እሺ» አለ። እሱ እሺ የማይለው ነገር አልነበረም።

ደላላ እንፈልግ ስል «እኔ አንድ ጥሩ ሰው አውቃለሁ» አለኝ። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ። በማግስቱ ሮብሌን ይዞት መጣ። አብረው አርሂባ ሜዳ ላይ ኳስ እየተራገጡ ነው ያደጉት። ሮብሌ ልጅነቱን ግማሹን ድሬዳዋ ስላሳለፈ አማርኛው ከእኔ አይተናነስም። ቤቱን ዞሮ አየ፤ ግድግዳውን አንኳኳ፤ ጣሪያውን አይቶ ምላሱን ጠቅ አደረገ፤ ከዚያ ሻይ ጠጣና ሕጉን አወጣ። «ማዳም፣ እዚህ አገር ቤቱን የሚሸጥ ሰው ወይ ከስሯል ወይ ታሟል ይባላል። ዋጋ ይወድቃል። ስለዚህ ለማንም አትናገሪም። ለጎረቤት ደግሞ በፍጹም! እኔ የማመጣው ሰው ገዢ አይደለም፤ እንግዳ ነው። ሻይ አፍዪ፣ አጫውቺ፣ ሲወጣ ሸኚ።» ይህ እንዴት ያለ አሠራር ነው ብዬ ወደ ተሰማ ዞር ብል፣ ቁልቁል አቀርቅሮ ጥፍሩን እየተመለከተ ነበር።

እንግዶቹ መምጣት ጀመሩ። የሚመጡትም በዓለም ላይ የማይመች ሰዓት ላይ ነው። ጅቡቲ ውስጥ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ጫቱ ከእኛ አገር ይገባል፤ መኪኖቹ ጡሩምባ እየነፉ ከተማውን ያቋርጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ቢሮ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ቤት የሚሸጥ የለም። ሮብሌ ግን ሥራው የሚጀምረው ያኔ ነው። የጫት እቅፉን ይዞ፣ አንድ እንግዳ አስከትሎ ይመጣል፤ ፍራሼ ላይ ይሰየማሉ፤ ተሰማ አብሯቸው ይቀመጣል፤ እኔ ሔልና ቅርንፉድ የጨመርኩበትን ሻይ በቴርሞስ ሳመላልስ ይመሻል። አንዱ የተሰማ የአጎት ልጅ ነው ተብሎ መጣ፤ ከኪሱ ሜትር ወድቆ እግሬ ሥር ተንከባለለ። አንዷ ሴትዮ በሽተኛ ልትጠይቅ መጣች ተባለ፤ በሽተኛውን አንድ ጊዜ እንደምን ነህ ብላ፣ የተኛበትን አልጋ ገፍታ ወለሉን ታይ ጀመር። አንዱ ደግሞ ድመቴ ጠፋችብኝ ብሎ ጣሪያዬ ላይ ወጣ። ሰውዬው ቆርቆሮ ላይ እየተራመደ «ሚሚ፣ ሚሚ» ሲል እኔ ከታች ሆኜ አምላኬን እያማረርኩ ነበር። ተሰማ ግን ትራሱን አፉ ላይ አድርጎ ይስቃል። ልቡ የደከመ ሰው እንዲያ ሲስቅ ደስ ሊለኝ ሲገባ እኔ የማስበው ግንቦትን ብቻ ነበር።

የሚያሳብደኝ ይህ አልነበረም። የሚያሳብደኝ፣ እንግዳው ቤቱን ወድዶ፣ ዋጋውን ጠይቆ፣ እጃችንን ጨብጦ ከወጣ በኋላ መጥፋቱ ነው። ሁሉም ይጠፋሉ። አንድ ጉምሩክ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ደግ ሰው፤ ሰማያዊውን ጣውላ በእጁ እየዳበሰ «ይህንን አላፈርሰውም» ያለኝ። እሱም ጠፋ።

«የጉምሩኩ ሰውዬ የት ገባ?» አልኩት ሮብሌን።

«እያሰበ ነው።»

«ምን ያስባል? ቁልፉን ሊቀበል ምን ቀረው?»

«ማዳም፣ ሰው ሲያስብ አይቸኮልም። ነገ ሌላ እንግዳ አለ። ሻዩ ግን ስኳር አንሶታል።»

በዚያው ሰሞን ጎረቤቴ ተቀየረችብኝ። ኤዶ ሐዋ ትባላለች፤ ኤዶ አክስቴ እንደማለት ነው፤ ትልቅ ሴት ስለሆነች ሠፈሩ ሁሉ እንዲያ ይጠራታል። እኔን ዘይነብ ነው የምትለኝ። በረመዳን ሳምቡሳ በሰሃን ትልክልኛለች፤ በፋሲካ እኔ በዚያው ሰሃን ድፎ ዳቦ እልክላታለሁ፤ በመካከላችን ባዶውን የሄደ ሰሃን አልነበረም። የወንድሞቿን ልጆች እኔ ነኝ ያጠብኩት፤ ተሰማ ሲታመም እሷ ናት ቆማ ያደረችው። አሁን ግን በመተላለፊያችን ስንገናኝ ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ታልፋለች። አንድ ቀን የላክሁላትን ሰሃን አጥባ፣ አድርቃ፣ ባዶውን መለሰችልኝ። ያንን ሰሃን ይዤ ግቢዬ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ቅናት ይሆናል አልኩ፤ መሄዳችንን ጠርጥራ ከፍቷት ይሆናል አልኩ። ሄጄ እንዳልነግራት ሮብሌ አስጠንቅቆኛል። ተሰማን ብጠይቀው «ሴቶች ስትባሉ! ያልፍላታል» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መጋቢት ሲጋመስ ትዕግሥቴ አለቀና ሮብሌን አባረርኩት። እኔው ራሴ፣ ቢጫ ዲራዬን ለብሼ፣ መሀል ከተማ አጃንስ የሚባል ቤት ሻጭ ቢሮ ሄድኩ። ክሊማ የሚሉት ማቀዝቀዣ ከመግባቴ ጥርሴን አንቀጫቀጨው። ክራባት ያሰረው ወጣት ሙስዩ፣ በፈረንሳይኛ «ቪላ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ቪላ አይደለም፣ የጣውላ ቤት ነው ስለው ፊቱን አጨማደደ፤ ካርቲየ 6 ስለው ብዕሩን አስቀመጠ። ያኔ የውጭ አገር ወታደሮች በብዛት መጥተው የቤት ኪራይ ሰማይ ነክቶ ነበርና የሱ ዓይን ያለው እዚያ ነው። እንደምንም ለምኜው መጣ፤ ጫማው አሸዋ እንዳይነካ በጣቱ እየተራመደ ፎቶ አነሳ፤ ሁለት ገዢ አመጣ። ሁለቱም ወደዱ፤ ሁለቱም ከበራችን ወጥተው ኤዶ ሐዋ ደጅ ጥቂት ከቆሙ በኋላ ጠፉ። ሙስዩውን ምን ሆኑ ብዬ ብጠይቀው ትከሻውን ሰበቀና «ኢል ዞን ሬፍሌሺ» አለኝ። አሰቡ ማለት ነው። በሁለት ቋንቋ ያው መልስ!

ግንቦት ገባ። ያን ሙቀት እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? አንሶላ በውሃ ነክሬ ተሰማ ላይ አለብሰዋለሁ፤ ዳቦ የመቁረሻ ጊዜ እንኳ ሳይሰጠኝ ይደርቃል። ሌሊት አልጋውን ግቢ አውጥተን እንተኛለን፤ ከባሕሩ በኩል ትንሽ ነፈስ ሲል «ተመልከቺ፣ ዘነቡ፣ መጣች» ይለኛል፣ የጠራት ሰው እንደመጣችለት። ነሐሴ ላይ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ከደጁ ቁጭ ብዬ ሮብሌን ስረግም፣ ሙስዩውን ስረግም፣ የጠፉትን ገዢዎች አንድ በአንድ እየጠራሁ ስረግም ነጋ። እግዜር ይመስገን ተረፈ። ከሆስፒታል አምጥቼ ካስተኛሁት በኋላ ግን ውስጤ የነበረው ሁሉ ገነፈለና ያንን ባዶ ሰሃን ይዤ ኤዶ ሐዋ ቤት ዘው አልኩ።

«ምን በድዬሻለሁ? ባሌ ሊሞትብኝ ነው! ቤቱን የሚገዛ በመጣ ቁጥር አንቺ ጋ ሲቆም አይቻለሁ። ምን እያልሽ ነው የምታባርሪብኝ?»

ቀና ብላ አየችኝ። እሷም ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«ምንም አላልኩም። ሰው ቤት ሲገዛ ጎረቤት ጋ መጥቶ ይጠይቃል፤ የእኛ ልማድ ነው። ‘ይህ ቤት ሲሸጥ አንቺ ተጠይቀሻል?’ ይለኛል። ‘አልተጠየቅሁም’ እላለሁ። እውነት ነው። ያልተጠየቀ ጎረቤት አጥር ላይ ማንም አይገዛም፤ ነውር ነው።»

«አንቺ ልትገዢው ፈልገሽ ነበር?»

«በምኔ እገዛለሁ፣ ዘይነብ? ምን አለኝ?»

«ታዲያ ብጠይቅሽ ምን ትዪኝ ነበር?»

«ሽጪ፣ አላህ ይባርክልሽ እልሽ ነበር፤ ሌላ ምን እላለሁ? ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ በር ገብተን ወጥተን፣ ጅቡቲን በሙሉ ቤትሽ አስገብተሽ ሻይ ስታጠጪ እኔን አንድ ቃል አልጠየቅሽኝም።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለአንድ ቃል! አንድ ሙሉ ሙቀት፣ ያ ሁሉ ሻይ፣ ያ ሁሉ ስኳር፣ ጣሪያ ላይ የወጣው ሰውዬ፣ ሆስፒታሉ፣ ለአንድ ቃል! ጠየቅኋት፤ ባረከችልኝ፤ ተቃቅፈን አለቀስን። ቤት ገብቼ ለተሰማ ስነግረው ጣሪያውን እያየ «ለካ እንዲህ ነው» አለኝ። በዚያው ሳምንት ኤዶ ሐዋ ራሷ የጉምሩኩን ሰውዬ አስጠርታ አመጣችው፤ ቤቱ ተሸጠ። ሮብሌ ወሬውን ሰምቶ ከች ሲል የአፌን ሁሉ አወረድኩበት። ይህን ልማድ የማያውቅ ደላላ የት አገር አለ? ዐውቆ ነው የደበቀኝ አልኩ፤ ጎረቤቲቱ ገዢ ብታመጣ ኮሚሽኑ ይቀርበታላ! ሰባራ ሳንቲም አታገኝም አልኩት። ተሰማን ግንባሩን ስሞ ወጣ። ሳይከራከር መሄዱ ገርሞኝ ነበር።

ሐረር ገባን። ተሰማ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረልኝ፤ ሐኪሙም እኔም ልክ ነበርን። ጋቢውን ደርቦ፣ በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሲመሽ ወደ ቆላው በኩል እያየ «አሁን እዚያ የባሕሩ ንፋስ ጀምሯል» ይላል። በቃ ያቺን ብቻ ነበር የሚላት። እኔም «አሁን እዚያ መብራት ጠፍቷል፣ ትንኙም ተነስቷል» እለዋለሁ። ይስቃል።

እና ሮብሌ ከዚራ ላይ «ተሰማስ?» ሲለኝ «ዐረፈ» አልኩት። መፋቂያዋን ከአፉ አወጣት። ያለ መፋቂያ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ዱዓውን እስኪጨርስ ጠበቅሁና የያዝኩትን አወጣሁት። «ያን ሙቀት እዚያ ያስቀረኸን አንተ ነህ። ሐዋ መጠየቅ እንዳለባት እያወቅህ ደበቅኸኝ።»

«ተሰማ አልነገረሽም?»

«ምኑን?»

ዙሪያውን አየ፤ ተሰማ ከኋላው የቆመ ይመስል ድምፁን ቀነስ አደረገ። «እሱ ነው እኮ የለመነኝ። ‘ሮብሌ፣ ዘነበች ልትወስደኝ ነው። እምቢ ብላት ታለቅሳለች። ሰው አምጣ፣ ቤቱን አሳይ፣ ሐዋን ግን እንዳትጠይቅ አድርግልኝ። ሳትጠየቅ ማንም እንደማይገዛ ታውቃለህ። አንድ ሙቀት ብቻ አቆይልኝ፤ ከዚያ ትውሰደኝ’ አለኝ። አብሮ አደጌ ነው፤ ምን ልበለው? ሐዋ አታውቅም፤ እሷ የምሯን ነው የተቆጣችው። አንቺ ስትሰድቢኝ ልናገር ነበር፤ ግን ተሰማ በዓይኑ አየኝ።»

ያንን ሁሉ ዓመት በሮብሌ ስም የያዝኩት እርግማን ባለቤቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ተሰማ! ያ እሺ ባዩ! ትራስ አፉ ላይ አድርጎ የሚስቀው! ሆስፒታል ደጅ ያደርኩት፣ አንሶላ ስነክር ያነጋሁት፣ እሱ ‘አንድ ሙቀት ብቻ’ ስላለ ነው? የምቆጣው ሰው ሐረር አፈር ውስጥ ነው። ሮብሌን ደኅና ሁን ማለቴን እንኳ አላስታውስም።

ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጥኩ። ሳላውቀው ለካ ብቻዬን እያወራሁ ኖሯል፤ የደንገጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ሴት ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

«እማማ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ ባሌ ነው፣ ልጄ።»

«ምን አደረገዎት?»

«ቤቱን ልሸጥ ብል አላሸጥ አለኛ! ለራሱ ጤና ብዬ። ሐኪም ውጣ ያለውን ቤት፣ ቀዝቃዛ አገር ልውሰደው ብል፣ ከደላላ ጋር ተመካክሮ...»

ልጅቷ በሕይወት ያለ ሰው ይመስላታል። በቅንነት፣

«ኧረ እሱንስ ጠይቀውት ነበር?» አለችኝ።

አየሩ እየቀዘቀዘ ነበር። ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ፊቴን ሸፈንኩ።

«እስኪ መስኮቱን ዝጊልኝ፣ ልጄ» አልኳት፤ «ብርድ ገባ።»